ልኬን ከቀጮ ላይ ውሰጂ

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ባልዲ ስታነሺ እሪ ያሰኝሻል? የእማዬስ ጉልበት? የባለቤትሽስ ሳል? ሚጣስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤትም እንዳለ ነው፤ አንሶላው አያልቅም፣ እኔም አላልቅም። ለውጥ አለ ከተባለ አለቃችን ወፍሯል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለዕረፍት ወደ እናንተ ልትመጣ ነውና ከሻንጣዋ ላይ ትንሽ ቦታ ሰጥታኛለች። ይህንን ስሰማ ለልጆቹ ስጦታ ልገዛ ወጣሁ። ለሚጣ መግዛት ምን ችግር አለው፣ ቀይ ይሁን እንጂ ሁሉም ይሆናታል። ቀይ ቦርሳ ገዛሁላት፤ የምትከተው ብታጣ ድመቷን ትከትበታለች።

ጉዱ የመጣው ድንቡሼ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ስልኩን ከእጅሽ ነጥቆ ወደ ጓሮ ሲሮጥ አይተሻል። ለካ ሲረግጡት የሚበራ ጫማ ሊያዘኝ ኖሯል። እሺ የኔ ጌታ፣ እናትህ እግርህን በክር ትለካና ትንገረኝ ብለው ሳቀብኝ። «አክስቴ ደግሞ! ቀጮ አንቺ ጋ አይደል እንዴ? ልኬን ከቀጮ ላይ ውሰጂ፤ እግራችን እኩል ነው» አለኝ። እሺ፣ እለካዋለሁ አልኩት። ምን ልበለው?

ቀጮ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ ድንቡሼ መንታውን እየፈለገ አልተኛም ሲል፣ እማዬ አንጀቷ አልችል ብሎ አክስትህ ጋ ሄዷል አለችው። አንቺም ትንሽ ነፍስ እስኪያውቅ ያዢልኝ አልሽኝ፤ ያዝኩልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ላይ ደስም ይለኝ ነበር። ለቅሶውን እዚህ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት፤ ድንቡሼ በጠየቀኝ ቁጥር ልጁ በሕይወት ያለ ይመስለኝ ነበር። በላ ወይ ሲለኝ በልቷል እላለሁ፤ ጥርሱ ወለቀ ወይ ሲለኝ ወልቋል እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አሳደግኩት። አሁን ግን ፈራሁት።

ጫማ ቤት ገብቼ ሻጯ ቁጥሩን ብትጠይቀኝ አላውቀውም አልኳት። ልጁን ይዘሽው ነይ፣ የልጅ እግር በግምት አይገዛም አለችኝ። ቤት ተኝቷል ብያት ቁጭ! ለማላውቃት ሴት መዋሸት ምን የሚሉት ነው? እሷ ምን በወጣት፣ እንግዲያው እንደተኛ ሳትቀሰቅሺው በክር ለኪው አለችኝ። ደንበኛ ጫማ የሚሞክርበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ለሰባት ዓመት ልጅ ይሆናል ያለችኝን ሁለት ጥንድ ገዛሁ። ለምን ሁለት እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቀው።

ክፍሌ ከማጠቢያው ቤት በላይ መሆኗን ታውቂያለሽ። ጫማዎቹን በሩ ሥር አስቀምጬ ጎኔን አሳረፍኩ። ታች ያለው ትልቁ ማሽን ሲጨምቅ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ለጫማው ይህ በቂው ኖሯል። አንደኛው ጥንድ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ልክ አንድ ሰው እንደቆመበት። ሌላኛው ጨለማ ነው። ማሽኑ መሆኑን አውቃለሁ፣ አንሶላውን የሞላሁበት እኔው ነኝ። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም። ቀጮ ብዬ ተጣራሁ። ተጣርቼም መልስ ጠበቅኩ። ይህንን ለማንም እንዳትነግሪ፣ አበደች ይሉኛል።

ድንቡሼ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ያለኝን ግን እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ሰነበተ። «አልጋሽ ለሦስታችን ይበቃል? የእኔ ተራ መቼ ነው? ቀጮ በሄደበት እኔም ልሂድ ብዬ ለአያቴ ብነግራት አለቀሰች፤ እስቲ አንቺ ለምኝልኝ» ነው ያለኝ። ልብሱን በፌስታል አዘጋጅቶ አልጋው ሥር መሸጎጡንም ነግሮኛል፤ ሄደሽ እዪው። ቀጮ በሄደበት ልሂድ ይላል እኮ ልጁ! ክፉ አይንካው! እስከ ዛሬ እውነቱ ይጎዳዋል ብለን ፈራን፤ እኔ አሁን የምፈራው ውሸቱን ነው።

ስለዚህ የላክሁልሽ ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ዕቃው ሳይደርስ ንገሪው። ጭንሽ ላይ አድርጊው፣ የሄደበት ቦታ ማንም ተራ የሚጠብቅለት እንዳልሆነ በገዛ አፍሽ ንገሪው። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። አንቺም አብረሽው አልቅሺ። ካቃተሽ እኔ እነግረዋለሁ፤ ግን እታለም፣ ይህስ በስልክ የሚነገር አይደለም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በአንጀቷ እንጂ በክፋት እንዳላደረገችው አውቃለሁ በያት። ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ፤ ሳሉን አይናቅ፣ ሐኪም ይየው። የሚጣን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ድንቡሼንም እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ሁልጊዜ ቀጮም ሰላም ብሎሃል እለው ነበር፤ ይህ ሰላምታ ግን ከእኔ ብቻ ነው።

የምትወድሽ እህትሽ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን