ከሦስተኛው ክፍል ወዲህ ጌም የለም ላለው ሊቅ

አንተ ሊቅ፣

ሥራ ረፍዶብኝ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መልሶ እያንጠባጠበ ስለሆነ ባልዲውን ድፋው።

ትናንት እህቴን አስለቅሰሃታል።
አላየህም፤ ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ነበር።

ልጅቷ የጌሙን አዲስ ክፍል ገዝታ፣ ከሥራ በቀጥታ፣ አብራን ልትጫወት መጣች። አንተ ደግሞ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስብከትህን ጀመርክ። ፈረሱ እንደ ድሮው አይጋልብም፣ ሙዚቃው ነፍስ የለውም፣ ታሪኩን የጻፈው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። "ይሄን የሚወድ ሰው ጌም አያውቅም!" አልካት። ይህን ሁሉ ስትል ግን ኮንትሮለሩን ለአፍታ እንኳ አልለቀቅክላትም። የሞተ ጌም እንዲህ ሙጭጭ ተብሎ ይያዛል እንዴ?

ስትወጣ በሩ ላይ "እኔ እኮ ከእናንተ ጋር ልስቅ ብዬ ነው የገዛሁት" አለችኝ።
እኔ ደግሞ አንተ ስትሰብክ ካንተ ጋር ስስቅባት ነበር።
እሱን ተወው።

ጠዋት ደውዬ ስለምናት ቆይታ እሺ ብላለች፤ ማታ ይዣት እመጣለሁ። ሁለቱንም ኮንትሮለር ቻርጅ አድርግ። አንዱን ራስህ ትሰጣታለህ። ከፈረሱ ብትወድቅ እንዳትስቅ፣ ስለ ሦስተኛው ክፍልም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

እሱን ካነሳን አይቀር፣ ያን ሦስተኛ ክፍልህን እኔ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። አንተ አጠገቤ ስለነበርክ ነው የጨረስኩት።