ቆሞ የሮጠው መኪና

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ የላክኸኝን መልእክት አላደረስሁም። ልጅህን ሄርሜላን መኪናውን ሽጪ አላልኋትም። መኪናውን እስክታስወግድ ቤቴን አትረግጥም ማለትህን አልዘነጋሁም። በስልክ እንዳልነግርህ የልጅህን ስም በጠራሁ ቁጥር ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ ጻፍሁልህ።

እንደምን ሰነበትህ? የዘሄግ ንፋስ በረታብህ? ጉልበትህስ? ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ መታጠፍ ጀመረ ወይስ ዛሬም እንደ ዘነዘና ቀጥ እንዳለ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በምኖርበት በስኪዳም ጠላቴ የቤቴ ደረጃ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄርሜላ ከምትኖርበት ከስሎተርቫርት መጥታ ወሰደችኝ። በገዛ እጇ የገጣጠመችውን ሞተር ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ያለ ጋራዥ ውስጥ ልታስተካክል ነበር። ወለሉ ላይ የሚሽከረከሩ ትልልቅ የብረት ጥቅልሎች አሉ። መኪናው በማሰሪያ ይታሰርና ጎማዎቹ እነሱ ላይ ይዞራሉ። ከቦታው ሳይነቃነቅ ይሮጣል፤ ጉልበቱ በኮምፒውተር ይታያል።

መሳይ የሚባል ያገራችን ልጅ ኮምፒውተሩ ጋ፣ እሷ መሪው ላይ ሆኑ። አንተ፣ ልጅቷ በእብደት ነው የምትነዳው ትለኛለህ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ጥቂት ያስቀድማሉ፤ ይሞክራሉ፤ ሞተሩን ያቀዘቅዛሉ፤ ደግሞ ይሞክራሉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይነኩም። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪዎቼን ዕድሜዬን ሙሉ የለመንሁት ይህንኑ ነበር።

ጉልበቱ እየጨመረ ሄደ። ሄርሜላ ጆሮዋ ላይ ባደረገችው ማዳመጫ፣ ጠጠር ቆርቆሮ ሲመታ የመሰለ፣ ኋላ እንደነገረችኝ ሞተር ሊጎዳ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ሰማችና ወዲያው እግሯን አነሳች። መሳይ፣ ገና ጉልበት አላት፣ ትንሽ እንግፋት እንጂ ቢላት፣ መልሰው፣ ከነበረበትም ዝቅ አድርገው አለችው። ፈሪ ናት ለካ ብሎ ቀለደባት። እሷም፣ ጀግንነት ካማረህ የራስህን ሞተር አፈንዳ፤ እኔ ሰው ይዤ በሰላም ቤት የምገባበትን ነው የምፈልገው አለችው።

ሰው ይዤ ማለቷን ልብ ያልሁት ልንመለስ ስንሳፈር ነው። ክብደት ይቀንሳል ብላ ምንጣፉንም የኋላውን መቀመጫም አውጥታ ጥላለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ግን ወፍራም፣ ከፍ ያለና ወደ ኋላ የተሳበ ነው። በበሩ በኩል ሰው ተደግፎ የሚነሳበት እጀታ በይዳለች። መሳይ ይሄ የውድድር መኪና ነው ወይስ የጡረተኛ ሳሎን ብሎ ሲስቅባት እጀታውን ነቅነቅ አድርጋ ጥንካሬውን ፈተሸች። እኔ ተቀምጬ እግሬ ወለሉን አልነካም ስላት፣ ለአንቺ አይደለማ አክስቴ አለችኝ። እንደምታውቀው አንቱታ የሚባል አልፈጠረባትም።

ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። ሆስፒታል የተኛህ ሰሞን ደውላ፣ የቀኙ ጉልበቱ ነው የግራው ብላኝ ነበር።

ወንበሩን ለጊዜው በብሎን አሰረችው እንጂ ቦታውን ገና አልቆረጠችም። ልኩን ስለማላውቅ በግምት ነው ያስቀመጥሁት አለችኝ። በግምት የሚሠራ ነገር እንደማልወድ አንተም ታውቃለህ።

የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ በርህን የሚያንኳኳ ደግ እንግዳ አያሳጣህ።

አሁን ሜትር ፈልግ። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህን ዘርጋ። ከዳሌህ እስከ ተረከዝህ ለክተህ ቶሎ ጻፍልኝ።

ታላቅ እህትህ