በሰኔ ስለሚታደለው ማዳበሪያና ስለ ቦራው በሬ

ይህን ቃሌን ለማስጻፍ የተነሣሁት፣ እኔ ስሞት መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን ችሎ በስሜ የሚያድለው ማዳበሪያ እንደሚቀር፣ የማርሰውም መሬት ከልጄ እጅ እንደሚወጣ ስለ ተነገረኝ ነው። እኔ ገብረ ሕይወት ወልደ ሰንበት፣ በብቸና አውራጃ የቀድሞ አጥቢያ ዳኛ፣ ሰውነቴ ቢደክምም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ግንቦት 8 ቀን 1974 ዓ.ም. በነፍስ አባቴና በምስክሮቼ ፊት ተናዝዣለሁ።

መሬቱ የሕዝብ ነው ተብሎ ታውጇልና አላወርሰውም። የማወርሰው የእኔ የሆነውን ብቻ ነው።

ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራው በሬ ለልጄ ለሀብትነሽ ይሁን። ከባሏ ተፋታ ከሞጣ ከተመለሰች ጀምሮ እኔን የምታስታምም፣ ጤፉንም የምታርም እርሷ ናት። ልጄ ኃይለ ጊዮርጊስ ከበሬው ድርሻ የለውም፤ ሞጣ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ በአጨዳ አንድ ቀን እንኳ አላየነውም። ዳዊቴን ግን ይውሰድ፤ ንባብ ያስተማርሁት በእርሱ ነው።

ያለን አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለ ሆነ፣ በሬው ከጎረቤቴ ከአቶ አብዱልዋሂድ በሬ ጋር እየተጠመደ የሚያርስ መቀናጆ ነው። እኛ በሚካኤልና በማርያም ቀን ስለማንጠምድ፣ በዚያን ዕለት ሁለቱም በሬዎች የእርሱን ማሳ ያርሳሉ። እኔ አልጋ ከያዝሁ በኋላ በሌላው ቀን የእኛንም የሚያርስልን እርሱ ነው። ሀብትነሽ መቀናጆውን እንዳታፈርስ፤ ስለ ልፋቱም የዘንድሮው ጭድ እኩሌታ ይሰጠው።

የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ይህን በአዋጅ የተከለከለ የመሬት ኪራይ አሉት። ሊቀ መንበሩ ፋንታ፣ እኔው ክርስትና ያነሣሁት፣ ባለፈው እሑድ መጥቶ ከአልጋዬ አጠገብ ቆመ።

«አባባ፣ መሬትዎን አከራይተዋል። አብዱልዋሂድ ሲያርሰው በዓይናችን አይተናል» አለኝ።

አብዱልዋሂድ እዚያው ነበር። «እኔ ተከራይ ከሆንሁ፣ በሚካኤል ቀን የእኔን ማሳ የሚያርሰው የእርሳቸው በሬም ተከራይ ነዋ! እርሱንም ስብሰባ ጥሩትና ጠይቁት» አለው።

ፋንታ አልሳቀም። «ማዳበሪያውስ?» አልሁት።

«የሚታደለው በሰኔ ነው፣ አባባ። ለሞተ ሰው ደግሞ አይታደልም።»

«አለሁ እኮ!»

«እስከዚያ ይቆያሉ ወይ ብዬ ነው።»

ሊሰድበኝ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። ሀብትነሽም ምድጃው አጠገብ ሆና ሰማችው።

ጸሐፊው «ማዳበሪያው ለሀብትነሽ ይሰጥ» ብሎ ጽፎ ነበር። የማዘዝ መብት የለኝምና «እንዲሰጣት እለምናለሁ» ተብሎ እንዲታረም አድርጌአለሁ።

ምስክሮች፦ የነፍስ አባቴ ቄስ ወልደ ኪዳን፣ ጸሐፊው አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ አቶ ሙሐመድሁሴን፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ። ቃሉ ተነብቦላቸው ፈርመዋል፤ ፊርማ የማይችሉት የጣት አሻራቸውን አኑረዋል። አቶ አብዱልዋሂድ ጭድ ስለ ተናዘዝሁለት ምስክር አልሆነም። እኔም ፈርሜአለሁ።

ለሊቀ መንበር ፋንታ፦ ሀብትነሽ በእኔ እግር ተተክታ መሬቱን እንድትይዝ፣ ማዳበሪያውም በስሟ እንዲታደል ትመዘገብ እንደ ሆነ፣ እስከ ግንቦት 20 ቀን ድረስ በማኅበሩ ማኅተም በጽሑፍ እንድትመልስልኝ እለምንሃለሁ። አትመዘገብም ከሆነም አትመዘገብም ተብሎ ይጻፍልኝ፤ ቁርጡን ከሌላ ሰው ሳትሰማ እኔው ልንገራት።