ጅቡ ሽማግሌ ልኮ ነበር

ዓርብ፣ ጥር 26 ቀን 2015፣ ጀሪፍ

እስካሁን ንዴቴ አልበረደልኝም። እዚህ ሰው አገር ዓርብ የዕረፍት ቀናችን ስለሆነ፣ ከሰናይትና ከዘሃራ ጋር ሦስታችንም እኔ ክፍል ተሰብስበን፣ ሰናይት ከስልኳ ላይ ተረት አነበበችልን። ያው የምናውቀው፣ ሰው መስሎ ልጅቷን ያገባት ጅብ ነው። መጨረሻው ግን ሌላ ሆኗል። ወንድሞቿ ጦር ይዘው ሊያድኗት ሲደርሱ፣ ልጅቷ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችባቸው። አለቀ።

ሰናይት «አያችሁ? አብራው ኖራ እሷም ጅብ ሆነች ማለት ነው» ብላ ፈረደች።

ደሜ ፈላ። «ኸላስ፣ በቃ! ጅቡ እኮ ሽማግሌ ልኮ ነበር» አልኳት። «ማነው ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ፣ መርቆ የሰጣት? እነዚሁ ወንድሞቿ አይደሉም? ያን ጊዜ ትፈልገዋለች ወይ ብሎ የጠየቃት አለ? ዛሬ ጦር ይዘው ሲመጡ እልል ትበልላቸው?»

«ቢሆንም ወንድም ነው» አለች።

ቢሆንም! ይህችን ቃል ስሰማ እንዴት እንደምቃጠል!

ዘሃራ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ወሎ ያለው ወንድሟ አባቷን ለሚያህል ነጋዴ ሊድራት ቃል ገብቶ፣ እዚህ አርካዊት ሰፈር ያላትን ሥራ ትታ አገር ቤት እንድትገባ በየቀኑ ይደውልላታል። ሰናይት ይህን ታውቃለች። እያወቀች ነው እንግዲህ «ወንድም ነው» የምትለው!

ወዲያው የዘሃራ ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ነበር። አየችውና በፊቱ ደፋችው።

«ሰናይትዬ፣ እስኪ መጨረሻውን ድገሚልኝ» አለች።

ስልኩን ከሰናይት እጅ ነጥቄ ለዘሃራ እኔው አነበብኩላት፣ «ቀረቀረችባቸው» እስከሚለው ድረስ።