የመጨረሻው ገጽ ሥዕል

ውድ ወንድሜ ሙላት፣

እንደምን አለህ ብዬ ለመጀመር እጄ እሺ አላለኝም፤ ደህና እንዳልሆንክ ሰምቻለሁና። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የተማሪዎቼን ፈተና ለማረም እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ።

አባየ ለሕክምና ከደብረ ኤልያስ መጥተው እኔ ዘንድ ማርቆስ ከከረሙ ወዲህ የሆነውን አልጻፍኩልህም። "የቅኔ ወንበሬን ይወርሳል" ሲሉህ አዲስ አበባ ገብተህ መጽሔት ላይ ካርቱን መሣል ስትጀምር፣ ስምህን በፊታቸው እንዳላነሣ ከልክለውኝ ነበር። እኔም ሥዕሎችህን ተደብቄ ነበር የማየው። በጥር ግን መጽሔቱን አልጋ ላይ ረስቼው ወጣሁ። ስመለስ ብቻቸውን ይስቃሉ። ያ ሥዕልህ ነው፤ ሜዳ ላይ በር ብቻውን ቆሟል፤ ቤት የለው፣ ግድግዳ የለው። ሕዝቡ ግን እስከ ገጹ ጥግ ተሰልፏል። ዘበኛው፣ "በሩ ሲከፈት እንዳትጋፉ!" ይላል።

"ማነው እንዲህ የሚያስብ?" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ሙላት ነው፣ አባየ።"

"የማን ሙላት?"

"የእርስዎ።"

ሳቃቸው ተቋረጠ። ሥዕሉን ደግመው አዩና፣ "'በሩ ሲከፈት' የሚለው ትርፍ ነው፤ 'እንዳትጋፉ' ይበቃው ነበር" አሉ።

ከዚያ በኋላ መጽሔቱን ከእኔ ብሰው ይጠብቁ ጀመር። ሌላውን ሳያዩ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። ሥዕልህ ላይ አፍጥጠው ይቆዩና ሲገባቸው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ።

የሚያዝያው ሲመጣ ግን ፊታቸው ጠቆረ። አንድ አንካሳ ለማኝ ተደናቅፎ ወድቋል፤ ዙሪያውን ያሉት ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ከሥሩ ስምህ አለ።

"ይህ የሱ እጅ አይደለም።"

"ስሙ አለኮ፣ አባየ።"

"ይኑር። ሙላት በወደቀ ሰው አይስቅም። ደግሞም እሱ የሚሥላቸው ሰዎች እንደሚያስቁ አያውቁም፤ እነዚህ ግን ሊያስቁን ብለው ይስቃሉ።"

ቢሮህ ደወልኩ፤ "እኛ ጋ የለም" ብለው ዘጉብኝ። በመጨረሻ ሰኞ ዕለት ባዘዘው የሚባለው ጎረቤታችን፣ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሹፌር፣ አንተን አግኝቶ መጣና ሁሉን ነገረን። ያንን ሥዕል ሣል ሲሉህ እምቢ ብለህ ሥራውን ትተሃል፤ እነሱም በሌላ ሰው አሥለው ስምህን ጽፈውበታል። ሰው ያንተ መስሎት ሲሰድብህ ከቤት መውጣት ተውክ፣ መሣልም ተውክ። "አሁን አባቴ ፊት በምን ዓይኔ እቀርባለሁ?" ማለትህንም አልደበቀንም።

አባየ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ዛሬ ጠዋት ጋቢያቸውን አጣጥፈው በትራቸውን ሲፈልጉ ደረስኩባቸው። ሐኪሙ መንገድ ከልክሎዎታል ብላቸው ማን ሰምቶኝ!

"ወደ አገር ሊመልሱት ነው?" አልኳቸው ፈራ ተባ እያልኩ።

"ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ልጄ ሲሥል አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ላየው ነው።"

ይህን በባዘዘው እጅ ልኬልሃለሁ፤ እኛ ቅዳሜ በአውቶቡስ እንገባለን። ስለሌላው ስንገናኝ እናወራለን። አንተ ብቻ ቀለምና ወረቀት ገዝተህ ጠብቀን።

እህትህ ያለምወርቅ
ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም.