የፉርጎው በር ሰባት ጣውላ ነው

አባዬ፣

ስለ ጤናህ መጠየቅ ነገር ፍለጋ ስለሚመስል እዘለዋለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልህ አታምነኝም፤ ማመንም የለብህም። እኔን በማመንህ ምን እንደደረሰብህ ልነግርህ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ጀሞ እንዳለች ናት። ውሃው ደስ ሲለው ይመጣል፤ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ እንደ አንተ ጉልበት መሃል ላይ ያርፋል። እማዬ ደህና ናት። አንተ ሚስማር ትቆጥርባት በነበረው አጉሊ መነጽርህ አሁን ምስር ትለቅምባታለች። ጠረጴዛህን ግን አላስነካም ብላለች፤ ዘጠኙም ትንንሽ የባቡር ፉርጎዎችህ እንደተሰለፉ ናቸው። አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ፣ በቅንድብ ብሩሼ።

ሌላው ጡረተኛ ካርታ ሲጫወት ወይም ባልና ሚስት ሲያስታርቅ አንተ ፉርጎ ትፈትሽ ነበር። ከውጭ በካርቶን የሚመጣልህ፣ ተገጣጥሞ ከመዳፍ የማይበልጥ የፕላስቲክ ፉርጎ። ካርቶኑ የእናንተው የባቡር መሥመር ፉርጎ ነው ይላል። አንተ ግን ለገሃር ወርክሾፕ የእውነተኞቹን በር ስትጠግን ያረጀህ አናጢ ነህና በካርቶን አትደለልም። ካሊፐርህን ታወጣለህ፣ ትለካለህ፣ ፋብሪካው ያሳነሰበት ልክ ነውና በሰማንያ ሰባት ታባዛለህ፣ ከደብተርህ ጋር ታስተያያለህ። የአንዱ የፍሬን መንኮራኩር በተሳሳተው ጫፍ ነው ብለህ ሦስት ቀን አኩርፈሃል። ያኮረፍከው ፉርጎውን ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረህ አስቀመጥከው።

ሕግህም አንድ ነበር፤ ዋናው ቆሞ እያለ በትዝታ አይሠራም።

ጉልበትህ ደረጃውን እምቢ ባለህ ጊዜ እኔን ላክኸኝ። አሮጌው ጣቢያ ግቢ የቆመውን ፉርጎ የበሩን ጣውላ ቆጥረሽ ነይ አልከኝ። አንተ የምታስታውሰው ሰባት ነው፣ የካርቶኑም ሰባት ነው፤ ቢሆንም ይረጋገጥ አልክ። ሜትሩን በጨርቅ ጠቅልለህ እንደ እንቁላል አስያዝከኝ።

አልሄድኩም አባዬ። ጎፋ ላይ ከታክሲ ወረድኩ፣ ፀሐዩ ከበደኝ፣ ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሰባት ነው ብዬ ብመለስ ያልሄድኩ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁና ሶፍት ላይ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ስምንት የተለፋበት ቁጥር ይመስላል። ውሸቱ እንዲያምርም፣ ከታች ሦስተኛው ተሰንጥቋል የሚል ጨመርኩበት።

ትጠረጥራለህ ብዬ ነበር። ፋብሪካ የማታምን ሰው ሶፍቷን በሁለት እጅህ ተቀብለህ ደብተርህ ውስጥ ለጠፍካት። ሳምንት ሙሉ ትክክለኛውን በር ፍቀህ አነሳህ፤ ከአይስክሬም እንጨት ስምንት ጣውላ ቆርጠህ አዲስ በር ሠራህ፤ ከታች ሦስተኛውን በምላጭ ሰነጠቅከው። እኔ ሙጫ አቀብልህ ነበር።

ስትጨርስ መነጽርህን አውልቀህ፣ ስንቱን በር በገዛ እጄ ስገጥም ኖሬ ቁጥሩ ጠፋብኝ አልክ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ከጸሐፊነት ልልቀቅ የሚል ደብዳቤ አስገባህ፤ ትዝታዬ ስለከዳኝ የአባላትን ስም እንዳላሳስት እሰጋለሁ ብለህ። የሰፈሩን አባወራ ከነልጆቹ በቃልህ የምትጠራው አንተ። በዚያ ቀን መናገር ነበረብኝ። ነገ ነገ ስል ቀደምከኝ።

ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ምስኪን መጨረሻ ላይ መርሳት ጀምሮት ነበር ሲሉ አዎን ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። ከሶፍቷ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ባለፈው ወር ጣቢያው ግቢ ሄድኩ። ዘበኛው ከየት ተልከሽ ነው ቢለኝ ከአባቴ አልኩት። ቆጠርኩ። ሰባት። በራሴ ስለማልተማመን እሱንም አስቆጠርኩት። ሰባት። አንዱም አልተሰነጠቀም። ዘበኛው፣ ታዲያ ለዚህ ይለቀሳል እንዴ ብሎ ወንበሩን ሰጠኝ።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ሲባል እጄን አወጣሁ። ደብተርህን ከነሶፍቷ ይዤ ከማኪያቶው ጀምሬ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሊቀ መንበሩ ሰባት ምን ብለው ጠየቁ። ጣውላ አልኩ። አዲሱ ጸሐፊ ይሄ በቃለ ጉባኤ እንዴት ነው የሚጻፈው ቢል ግማሹ ሰው ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። ተነስታ፣ እንዳለችው ጻፈው አለችው። ተጻፈ፤ የቀድሞው ጸሐፊያችን ትዝታ ደህና እንደነበረ፣ ስህተቱ የልጃቸው መሆኑ ታውቋል ተብሎ። ፈረምኩበት። እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ እኔም እንደዚያ ፉርጎ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ።

በሩን አላስተካክለውም። ሥራው የአንተ እጅ ነው፣ ስንጥቁ የእኔ ነው፤ ሁለቱም ባሉበት ይታዩ። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ፉርጎዎችህን ያደንቃል፤ ጣውላ የሚቆጥር ግን የለም። ስለዚህ እኔ አስቆጥራቸዋለሁ። ስምንት ሲሉኝ፣ አባቴ ሰባት መሆኑን ያውቅ ነበር እላቸዋለሁ። ለምን ስምንት ሠራው ብለው ከጠየቁ ደግሞ፣ እንዲቀመጡ አድርጌ ከኬክ ቤቱ እጀምርላቸዋለሁ። ይህን እስክከተልህ ድረስ አልተወውም።

ሙጫ አቀባይህ፣ ልጅህ