የዩርማላው ቅጠል

ማክሰኞ

ጥርሴ አልወለቀም፤ ይነቃነቃል እንጂ። በመስታወት አየሁት። የላይኛው ከንፈሬ አብጦ የሌላ ሰው መስሏል። በምላሴ መነካካቱን ማቆም አቃተኝ።

ባሌ ሙሌ ነው፤ በእንቅልፉ። ክርኑ ይመስለኛል። መብራት ሳበራ ዓይኑን እንደጨፈነ ግድግዳውን በቡጢ እየደበደበ ነበር። ስሙን ብጠራ ብጠራ አልሰማ ሲለኝ ውሃ ደፋሁበት። ነቅቶ ፊቴን ሲያይ ወደ ኩሽና ሄደና ፍሪጁን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያለን አንድ መኝታ ቤት ነው፤ በመታኝ ቁጥር ማደሪያው እዚያ ነው። ምን አየህ አልኩት። ምንም አለ። ከሀገር ከወጣን ጀምሮ የባሌ ሕልም ስሙ ምንም ነው።

ቀን እኮ ዝንብ እሽ አይልም። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከቂርቆስ፣ ከቤታችን አፍሰው ወሰዱት፤ ጀርባውን ገሽልጠው መለሱልኝ። ገና ሙሽሮች ነበርን። የመለሱልኝ ሰው ቀን ቀን ያው ሙሌ ነው። ሲተኛ ግን ገራፊዎቹ ይመጣሉ፤ እሱም ይማታል፤ እጁ ላይ የምገኘው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዛሬ አዲስ ነገር አመጣ። ዌምብሊ፣ ከተማው ዳር፣ ክፍል ተከራይቷል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ለብቻው ሊኖር ነው።

«አንድ ቀን ተኝቼ እገድልሻለሁ» አለኝ። «ከዚያ ነቅቼ ምን ልሁን?»

የያዝኩትን ኩባያ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። የካውንስል፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት ግድግዳ ምን ይሆናል፤ ኩባያው ነው የተሰበረው።

ረቡዕ

ሥራ ገባሁ። ሲክ ነኝ፣ አሞኛል ብዬ ልደውል አስቤ ነበር፤ ቤት ሆኜ ያንን ቁልፍ ሳይ ከምውል ብዬ ተነሳሁ። ካምደን አንድ ሆስፒታል ነው የማጸዳው። አለቃዬ ምን ሆነሽ ስትለኝ ሻወር ውስጥ ተንሸራትቼ ነው አልኳት።

ኢንጋ ሰማችኝ። ኢንጋ አብራኝ የምታጸዳ የላትቪያ ልጅ ናት፤ የቀድሞ ባሏ ክንዷን ሰብሯታል። እኔም ድሮ ሁልጊዜ እንሸራተት ነበር አለችኝ። ተኝቶ ነው እኮ ብላት ፊቷን አዞረች። ተናደድኩ። በእንግሊዝኛ ስናገረው ለራሴም ውሸት ውሸት ይለኛል።

ነገ እኔና ሙሌ የምንሄደው ደግሞ የእሷ እናት ቤት ነው። ዩርማላ ይባላል፤ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለ የመታከሚያ ከተማ። የድኝ ውሃ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ለነርቭ ይሆናል ብላ ያግባባችኝ ራሷ ናት። ከወር በፊት ቡክ አድርጌዋለሁ። ዛሬ እናቷ ጋ ደውላ በቋንቋቸው ረጅም ወሬ ያዘች። ስለ እኛ እንደሆነ ከዓይኗ አውቄያለሁ።

ሙሌ አልሄድም ብሎ ነበር። ቲኬቱ ተከፍሏል፤ መጀመሪያ ታጠብ፣ ከዚያ ዌምብሊህ ግባ አልኩት። ሻንጣ፦ ነጠላዬ፣ ሁለት ሹራብ (ሰኔ ነው፤ ማን ያምናል)፣ ሽሮ፣ ጾም ነውና። ለምት የሚቀባ ቅባት። እሱን ስከት ሙሌ አየኝ።

ሐሙስ

በአውሮፕላን ሪጋ፣ ከዚያ በባቡር። ጥድ፣ ጥድ፣ አሁንም ጥድ። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ ጠርዛቸው እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል። ባሕሩ ግን አሳቀኝ። ጨውም የለው፣ ጥልቀትም የለው። ሰው ሄዶ ሄዶ ነጥብ ሲያክል ውሃው ገና ጉልበቱ ላይ ነው።

የኢንጋ እናት ግዙፍ ሴትዮ ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ከንፈሬን አዩ፤ ከዚያ ሙሌን አዩ። ለእኔ ዳቦ ቆርሰው አቀበሉኝ። ለእሱ ቢላውን ዳቦው ላይ ሰክተውለት ሄዱ። «እማማ፣ ተኝቶ ነው እኮ የሚማታው» አልኳቸው በአማርኛ። ቢያንስ በአማርኛ ሲነገር እውነት ይመስላል።

ክፍላችን አንድ አልጋ ነው ያለው። በዚህ አገር በሰኔ ጨለማ የለም ማለት ይቻላል፤ መስኮቱ እንደ ነጣ ያድራል። ሙሌ አልጋው ላይ አልወጣም አለ። ወንበር ላይ አደረ። ይኸው፣ ባሕር ተሻግረን መጥተን ፍሪጁን በወንበር ለወጥነው።

ዓርብ

ጉድ ሆንን።

እኔ ይህን ነገር እንደ ጠበል ነው የያዝኩት። ሙሌን በባዶ ሆዱ ወደ መታከሚያው ይዤው ሄድኩ። መታጠቢያው ጋ ቧንቧ ሳይ በመዳፌ ቀድቼ ጠጣ አልኩት። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አማትቦ ተጎነጨና እዚያው አስመለሰ። ሠራተኛዋ ሮጣ መጥታ የሚነከሩበት ነው፣ የሚጠጣ አይደለም ብላ ጮኸችብኝ። የማይጠጣ ጠበል ምን ዓይነት ነው ታዲያ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጭቃ ቀቡትና በአንሶላ ጠቀለሉት፤ እጁን ጭምር። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ የብረት ጋሪ ሲገለበጥ። ስገባ ሙሌ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ጥግ ቆሟል። ጠርሙስ ተከስክሷል። የጠቀለለችው ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች። አልነካትም። ጋሪውን ነው የመታው፤ ግን ለጥቂት ነበር። እጁን የኋሊት ያሰሩት መስሎታል። ዳግመኛ እንዳንመጣ በትሕትና ነገሩን።

«አየሽ?» አለኝ ስንወጣ። «ዛሬ ተኝቼ እንኳ አልነበርኩም።»

እስከ ቤት ድረስ ርቆኝ ነው የሄደው፤ የመንገዱን ማዶ ይዞ። ከእስር እንደተፈታም ጋኔን ነው ብለውን አንድ ጠበል ቦታ ይዘነው ሄድን፤ እዚያ በመቁጠሪያ ጀርባውን ደበደቡት። ቁስሉ ገና ሳይሽር። ይህን ሰው ሊያድን የመጣ ሁሉ ወይ ያስረዋል ወይ ይመታዋል። እኔስ በቃኝ። ዌምብሊ ይሂድ ይሆን? ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሂድ ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ

ሰው ፈነከትኩ።

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ የእማማ ወንድም መጣ። ያኒስ ይባላል፤ ሽበታም፣ ትከሻው በር የሚያክል። ጓሯቸው ውስጥ የእንጨት ጎጆ አለች፤ የእንፋሎት ቤት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያሞቋታል። ያኒስ ሙሌን በእጁ ጠቀሰው፤ ሙሌም ተከተለው። እኔም ይሂድ አልኩ፤ ላብ ምን ያደርገዋል። ከእማማ ጋር ድንች ልልጥ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይተው በምልክት ፍልጥ አምጪ አሉኝ።

የእንጨቱ ክምር ያለው ከጎጆዋ ጎን ነው። ክንዴ ሙሉ ታቅፌ ስነሳ ሰማሁት። ጧ። ዝም። ጧ፣ ጧ። ከዚያ የሙሌ ድምፅ፤ ከሆዱ የሚወጣ ማቃሰት። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ሙሌ በሆዱ ተጋድሟል፤ ያ ጠባሳ ብቻ የሆነ ጀርባው ፍም መስሏል። ሰውዬው ከላዩ ቆሞ እጁን አንስቷል። በፍልጡ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ተንገዳግዶ ሲንበረከክ ደገምኩት። ደም በአንገቱ ወረደ። ልሠልስ ስል ሙሌ ከኋላ አቅፎ ያዘኝ፤ እጁን ነከስኩት፤ አልለቅ አለኝ።

«ቅጠል ነው» ይለኛል በጆሮዬ። «ጽጌ፣ ቅጠል ነው። እዪው፤ ቅጠል ነው።»

አየሁት። ግንዱ ነጭ ከሆነው ከዚያ ዛፋቸው የተቆረጠ ለምለም ቅርንጫፍ፣ እንደ መጥረጊያ የታሰረ። መሬት ወድቋል። ሙሌ ትከሻ ላይ ቅጠል ተለጥፏል። ለካ የእነሱ ወግ ነው፤ በፈላ ውሃ እየነከሩ ገላን በቅጠል ይመታሉ፤ ለጤና ነው። አገሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ኢንጋ ልትነግረኝ አላሰበችም።

ያኒስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይሳደባል መሰለኝ። እማማ መጡ። ደሙን አዩ፣ ፍልጡን አዩ፣ እኔን አዩ። ፖሊስ ይጠራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፎጣ ይዘው ወንድማቸውን ሐኪም ቤት ወሰዱት። ተሰፍቶ ተመለሰ። ኢንጋ ስትደውል ነው የሆነውን የሰማሁት፤ ሐኪሙ ምን ሆነህ ሲለው ተንሸራትቼ ነው ብሏል። ኢንጋ ይህን ስትነግረኝ መሃል ላይ ዝም አለች።

ራት ላይ እማማ ለሙሌ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። ቢላው የተሰካው ለእኔ ነው። ይገባኛል።

እሑድ

ያኒስን ይቅርታ ለመንኩት። ጉልበቱን ልስም ስል ደንግጦ አነሳኝ፤ ፋሻውን እያሳየ የሆነ ቀልድ ነገር ተናገረ፤ እማማ ሳቁ። ለእኔ ግን ገና አልሳቁልኝም።

ከዚያ ሙሌ ባሕሩ ውስጥ እንራመድ አለኝ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን ገባን። ዳር ያሉት ሰዎች በጣም ሲያንሱ ቆመና ትናንት ያኒስን ምን እያልሽ ትመቺው እንደነበር ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አላውቅም። ስንቁን ተቀበለኝ ነበር የምለው አሉ። በየምቱ፣ ስንቁን ተቀበለኝ።

እንግዲህ ነገርኩት። እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስ ዘበኛው ምሳ ዕቃውን በጫማው መትቶ ይደፋው እንደነበር ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሲመለሱ እኔ በአጥሩ ዞሬ ከጀርባ በኩል እቀመጥ ነበር። እዚያ ሲገርፉ ይሰማል። የእሱን ድምፅ ለየሁት። በየቀኑ ሄጄ ሰማሁት፤ ካልሰማሁት ሞቷል ማለት ነው ብዬ።

ሙሌ ውሃውን ያያል።

«አንቺ እንዳትሰሚ ሸሚዜን አፌ ውስጥ እጠቀጥቅ ነበር» አለኝ።

«ይሰማ ነበር» አልኩት።

ባሕሩ ውስጥ ተቀመጠ፤ በሱሪው። አብሬው ተቀመጥኩ። ውሃው እስከ ደረት እንኳ አልደረሰም። ተናገረ። ስንት ዓመት ምንም ሲለኝ የኖረውን ሁሉ ተናገረ። እዚህ አልጽፈውም፤ የሰማሁት ይበቃል። አንዱን ብቻ ልጻፈው። ያኒስ መጀመሪያ ቅጠሉን ሲያነሳ ሙሌ ሊዘልበት ነበር፤ ጡንቻው ሁሉ ተነስቶ። በቃ አለው፤ በአማርኛ። ሰውዬው ወዲያው እጁን አወረደ። ሙሌ አላመነም። ቀጥል ብሎ በእጁ አሳየው፤ መታው። በቃ፤ አቆመ። ቀጥል፤ በቃ፤ አቆመ። እኔ የሰማሁት ማቃሰት ሲያለቅስ ነበር።

«በቃ ሲባል የሚያቆም ሰው እንዳለ ረስቼ ነበር፤ አንቺ ደርሰሽ ፈነከትሽው እንጂ» አለኝ። ሳቅኩ። ስስቅ ጥርሴን አመመኝ፤ እሱም አየኝና ሳቁን አቋረጠ።

ማታ አልጋው ላይ ተኛ። ጫፉ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ግን ተኛ። እኔ አልተኛሁም፤ እጁን እያየሁ አደርኩ። ትራሱን መታ። እኔን አልመታኝም።

ሰኞ

ተመለስን። እማማ ሲሸኙን ከዚያ ቅርንጫፍ ደርቆ የታሰረ ሰጡን። ለሙሌ ነው የሰጡት፤ ለእኔ ጣታቸውን ቀስረው አስጠነቀቁኝ።

ካሌዶኒያን ሮድ፣ ቤታችን ስንደርስ ዝናብ ነው። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ አለ። ማናችንም አላነሳነውም። ሙሌ ሻንጣውን አልፈታም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ስነቃ ሙሌ የቀዘቀዘ የአተር ከረጢት ከንፈሩ ላይ ይዞ አልጋው ጫፍ ተቀምጧል። ምን ሆንክ አልኩት። ተንሸራትቼ አለኝ።

መትቼዋለሁ። እኔ፤ በእንቅልፌ። መጀመሪያ በክርኔ፣ ከዚያ በቡጢ፣ ከዚያ ፀጉሩን ይዤ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ሲነግረኝ አላመንኩም፤ ከንፈሩን ሳይ አመንኩ።

ምን አየሽ አለኝ። አይቻለሁ፤ አጥሩን፣ ምሳ ዕቃውን፣ ወጡ አፈር ላይ ሲፈስ። ግን አፌን ስከፍት የወጣው «ምንም» ነው።

«ምንምን ለእኔ?» አለ። «እኔ ያሳደግኩትን ቃል?»

ነገርኩት። ሥራ ሁለታችንም አረፈድን። ስጨርስ ያቺ ያበጠች ከንፈሩ እየተጣመመች ታዲያ አሁን ዌምብሊ የሚሄደው ማንኛችን ነን አለኝ። ሳቄ እንባ ሆነብኝ። ይቅር በለኝ፣ እንዴት ሳትቀሰቅሰኝ ቀረህ አልኩት። አልቀሰቀስኩሽም፤ በቃ ነው ያልኩሽ አለ። አንድ ጊዜ በቃ ጽጌ ሲለኝ እጄን አውርጄ ዞሬ ተኛሁ አሉ።

ሻንጣውን ፈትቷል። ቁልፉ ግን እዚያው ነው፤ የወሩ መጨረሻ ገና ነው። ጥርሴን በምላሴ ነካሁት፤ አሁንም ይነቃነቃል። ማታ አብረን ነው የምንተኛው። ማንኛችን እንደምንመታ እንጃ።